ኮሪደር ላይ የቆመችው አክስቴ

አክስቴ ካረፈች አርባ ቀን ሊሞላት ነው። በስደት አገር፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ ከአሠሪ አምልጠው ለሚመጡ የአገራችን ልጆች ሁሉ ክፍት ነበር። አሠሪዎቹ ደጃፍ ቆማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «መጀመሪያ ፓስፖርቷን ስጡኝ፣ ወሬው ይደርሳል።»

አንድ ቀን በዚሁ መንገድ ፓስፖርቷን ያስመለሰችላትን፣ እጇ በካውያ የተቃጠለ ልጅ ይዘን የሠራተኞች አቤቱታ ወደሚሰማበት ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው አክስቴን ከላይ እስከ ታች አያትና «የማኅበራዊ ሠራተኛ ሰርተፍኬት አለሽ?» አላት።

«የለኝም። ልጅቷ ግን ፈረንሳይኛ አትችልም፣ ላስተርጉምላት።»

«ኮሪደር ላይ ጠብቂ።»

እንዴት ልንገራችሁ? ያስተረጎመችላት ተጠርታ የመጣችው ያቺው ያቃጠለቻት እመቤት ናት። ልጅቷ ያላነበበችውን ወረቀት ፈርማ ከእሷው ጋር ተመለሰች፤ ፓስፖርቷም ተመልሶ እመቤትየዋ ቦርሳ ውስጥ ገባ።

መንገድ ላይ አክስቴ «አንቺ ፈረንሳይኛውን ከጋዜጣ ለቃቅመሽም ቢሆን ተምረሻል። ያንን ሰርተፍኬት አምጪልኝ» አለችኝ። ለሰርተፍኬቱ የጀመርኩት ኮርስ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተች።

ለቅሶው ላይ ያ ጸሐፊ መጥቶ «የሥራ ባልደረባችን ነበረች» አለ። ተጸየፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ሰርተፍኬቴን ይዤ ቢሮው ገባሁ። ጸሐፊው ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ ቀና ብላ «ሴቶቹ እትዬ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እሳቸው አርፈዋል የኔ ልጅ፤ እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ» አልኳት።

ልጅቷ ግን ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚገባ ይመስል በሩን ማየቷን አላቆመችም።