ከሰው ጀርባ የማይቋጥረው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩ እጁ የተባረከ ነው፤ መቀሱ የማንንም ጆሮ ነክቶ አያውቅም። አንድ አመል ግን አለው። ጨርቁን ደንበኛው ደረት ላይ ካለበሰ በኋላ ማሰሪያዎቹን ለራሱ ለደንበኛው ያቀብላል።

«እራስዎ ይቋጥሩት፣ ጋሼ። እኔ ከሰው ጀርባ ቆሜ አልቋጥርም።»

«ነገ ደግሞ ምላጩንም ያዙልኝ ሊለን ነው» እያሉ ደንበኞቹ ይስቁበታል። እሱም ከአንገት በላይ አብሯቸው ይስቃል። የሚታጠቀው የወታደር ቀበቶ ነው፤ የዘለበቱ ዓርማ በሞረድ ተፍቋል።

ዛሬ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛው መምህር ናቸው። ሙቀቱ አባብሏቸው ዓይናቸው ክድን ሲል መቀሱ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን አይጨፍኑብኝ።»

«እንቅልፍ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አይጨፍኑብኝ።»

በመስታወቱ ሲያዩት ግንባሩ በላብ ርሷል። ወሬ ለማስቀየር ይመስላል፣ አገራቸው የት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ከወንዙ ማዶ ነኝ» አሉ። «መንግሥት አማፂ አድናለሁ ብሎ አሰሳ የገባ ጊዜ፣ ወታደሮቹ ታናሽ ወንድሜን ከማሳው ላይ እጁን የፊጥኝ አስረው፣ ዓይኑን ሸፍነው ወሰዱት። ይኸው እስከ ዛሬ የበላው ጅብ አልጮኸም።»

ፀጉር አስተካካዩ ሥራውን ቸኩሎ ጨረሰ። መምህሩ ሊነሱ ሲሉ ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላቸው። እጁ ሊፈታላቸው ወደ አንገታቸው ተዘረጋ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ኪሱ ገባ።

መስታወቱን እያየ፣ «እኔ እንኳ እጃቸውን አላልቼ ነበር የማስረው» አለ።