ጋሼ ደምሴ ያነበቡት ዝርዝር

ባለፈው እሑድ ካልጋሪ፣ ሳድል ሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ የእህቴ ልጅ ማህሌት ቤት ምሳ በልተን እንዳበቃን፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ጋር የምትወዳደርበትን፣ በእውነተኛ ተጫዋቾች ስም የሚዋቀር የምናብ ቡድን ስልኳ ላይ ታስተካክል ጀመር። የቡድኑ ጠቅላላ ደመወዝ «ካፕ» የሚሉት ጣሪያ አለው፤ ጨዋታው ከጣሪያው ሳያልፉ ማንን ማቆየት፣ ማንን ማሰናበት፣ በእነሱ አባባል «ከት ማድረግ»፣ እንደሚገባ መወሰን ነው።

«ይሄ ሰውዬ ሠላሳ አምስት ሞልቶታል፤ ካፑን ብቻውን በላብኝ። ከት ላድርገው አይደል፣ አክስቴ? አንቺ እኮ ኢኮኖሚስት ነሽ።»

ይህን ጥያቄ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ መልሼዋለሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እዚሁ ካልጋሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርኩ። የምኖረው ማርቲንዴል ሰፈር፣ ጋሼ ደምሴ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያውን የብርድ ካፖርቴንም የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው። ታክሲ ይነዳሉ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ራሳቸው በመሠረቱት የሐበሾች እግር ኳስ ቡድን ውስጥ በአርባ አንድ ዓመታቸው ተከላካይ ሆነው ይጫወታሉ።

ቡድኑ የሚወዳደርበት የስደተኞች ሊግ፣ ባለገንዘቦች ተጫዋች እየገዙ ስላስቸገሩት፣ አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ደነገገ። የእኛ ቡድን የሚከፍለው በጨዋታ ምክንያት ለሚያመልጥ የሥራ ሺፍት ማካካሻ ብቻ ነበር። ትልቁ ድርሻ የጋሼ ደምሴ ነበር፤ ሦስት ልጆች አሏቸውና። እሳቸው ጠይቀው አያውቁም፤ የወሰኑላቸው ተጫዋቾቹ ናቸው።

እኔ በዚያ ዓመት የማጠናው ስኬታማ ክለቦች ከደመወዝ ጣሪያ በታች ቡድናቸውን እንዴት እንደሚያዋቅሩ ነበር። የደረስኩበት መደምደሚያ አጭር ነው፦ ለወሳኞቹ ጥቂቶች በደንብ ክፈል፤ የቀረውን ቦታ በርካሽ ወጣቶች ሙላ፤ የሚያረጀውን አንድ ዓመት ዘግይተህ ከምታሰናብት አንድ ዓመት ቀድመህ አሰናብት። አሠልጣኙ ሰሎሞን የዓመቱን የተጫዋቾች ዝርዝር እንዳዘጋጅለት ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ። በጋሼ ደምሴ ድርሻ ሁለት ወጣት አጥቂዎች ይገኙ ነበር፤ የእሳቸውን ስም አስቀረሁ።

ሰሎሞን ወረቀቱን ደጋግሞ አየው።

«ሂሳቡ ልክ ነው» አለ። «ግን ጋሼን አንቺ ንገሪያቸው። የምትኖሪው እሳቸው ጋ ነው። ሰው ፊት እንዳይሰሙት፣ አደራ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

አደራው ያለ ምክንያት አልነበረም። በቡድኑ ልማድ የዓመቱን ዝርዝር ቆመው የሚያነቡት ጋሼ ደምሴ ናቸው። የተጠራ ሁሉ «አለሁ!» ይላል። የራሳቸው ስም መጨረሻ ላይ ይሰፍራል፤ እሳቸው ሳያነቡት ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ጋሼ አሉ!» ብለው ይጮኻሉ።

የንባቡ ቀን ግንቦት ቢሆንም በረዶ ይጥል ነበር። ዲርፉት የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን በታክሲያቸው ስንወርድ ለተጫዋቾቹ የገዙት ብርቱካን ጭኔ ላይ ነበር፤ ዝርዝሩ ያለበት የታሸገ ፖስታ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ።

«ዶክተርዬ» አሉኝ፤ ገና ሳልመረቅ የሚጠሩኝ እንዲያ ነበር፤ «ጉልበቴ ዘንድሮ ተሽሎታል። ሐኪሙ ራሱ ገርሞታል።»

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

ዝምታዬን ርኅራኄ ብዬው አላውቅም። ወረቀት ላይ ዓይኑን የምሸሸው ፊት የለም፤ እኔ ወረቀቱን መርጬ ነበር። ስንደርስ ፖስታውን ሰጠኋቸው፤ ከፍተው ተጫዋቾቹ ፊት ማንበብ ጀመሩ።

«ቢንያም!»

«አለሁ!»

«ዘንድሮስ ወደ ትክክለኛው ጎል ትመታለህ?»

ልጆቹ ሳቁ። አሥራ ስምንተኛው፣ የመጨረሻው ስም ተጠራ፤ ወዲያው ልጆቹ እንደ ልማዳቸው «ጋሼ አሉ!» ብለው ጮኹ። ጋሼ ደምሴ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነበር።

«የለሁም እኮ» አሉ ፈገግ ብለው።

ሰሎሞን ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ሜዳው አየሁ። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ቢላዋ አውጥተው ብርቱካኑን ለልጆቹ ይቆርጡ ጀመር። አንዱንም ሳይዘሉ ለሁሉም አደሉ፤ ለእኔም ጭምር።

ወደ ቤት ስንመለስ በረዶው ላይ ቀስ ብለው ነዱ።

«ሰሎሞን ምን ነበረበት ፊት ለፊት ቢነግረኝ?» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ቀድመሽ ትነግሪኝ ነበር።»

የጣቶቼ የብርቱካን ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

በዚያ ዓመት ዋንጫውን ወሰድን። ስሌቴ ትክክል ነበር፤ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምጸጸትበት ሌላ ነገር አገኝ ነበር። ጋሼ ደምሴ ሰሎሞንን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰላም አላሉትም፤ ሰሎሞንም አደራውን የበላሁት እኔ መሆኔን አልተናገረም። ቀብራቸው ላይ እኔ ከቤተሰቡ ጎን ቆምኩ፤ እሱ ከሁሉም ኋላ። የመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ የጋሼ ደምሴ ስም በመጀመሪያው መስመር ሰፍሯል።

«አክስቴ፣ ከት ላድርገው ወይ?» አለች ማህሌት።

«አስቀድመሽ ንገሪው።»

ሳቀች። «እንዴ፣ ማንን ነው የምነግረው? አንዴ መንካት ብቻ እኮ ነው።»

ነካችው። ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ፤ ከሥሩ የነበሩት አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ከፍ አሉ፤ ክፍተቱም ወዲያው ተደፈነ።