ከትሪው ያልተነሳ እጅ

ሰኞ ዕለት ሰልፍ ላይ ስሜ ሲጠራ ያጠፋሁ መስሎኝ ክው ብዬ ነበር። የባዮሎጂ መምህራችን የሰጡንን የአንድ ሳምንት የቤት ሥራ አስመልክቼ የጻፍኩት ዓርብ በሚኒ ሚዲያ እንዲነበብ መመረጡን ሲነግሩን ግን የምሆነው ጠፋኝ። እስከ ዛሬ ጽሑፌን ከታናሽ ወንድሜ በቀር ያነበበው ሰው የለም፤ እሱም የሚያነበው ሊስቅብኝ ነው።

ምሳ ሰዓት እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እማዬ ከሐይቃችን የወጣ ቆረሶ ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ወሬውን እየነገርኳት ግማሹን በልቼ እጄን ሰበሰብኩ። አሞሽ ነው ወይ አለችኝ።

«አይ፣ ጠግቤ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ያቺን ቃል ከእኔ አፍ ከሰማች ዓመታት አልፈዋል።

የቤት ሥራው ሲያዩት ቀላል ነበር። ከመጉረሳችሁ በፊት ሆዳችሁን ጠይቁት፣ የራበው እሱ ነው ወይስ ዓይናችሁ? ቀስ ብላችሁ አላምጡ፣ መሃል ላይ ቆም ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁት፣ የመለሰላችሁን ጻፉ አሉን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ የእኔ ሆድ ሁልጊዜ ጨምር ነው የሚለኝ» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔም ስቄያለሁ። ቤት ገብቼ ደብተሬን ስከፍት ግን የምጽፈው አጣሁ። የእኔ ሆድ መራቡንም መጥገቡንም አይነግረኝም። ዝም ያለበትን ቀን ግን አውቀዋለሁ።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ሲጠጋ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከአስፋልቱ መራቅ ይሻላል ተባለና እማዬ እኔንና ወንድሜን ይዛ፣ ከውጫሌ በላይ ባለ የአምባሰል መንደር ወደምትኖረው ታላቅ እህቷ በእግር ወጣች። እማዬ «እትዬ» ስለምትላት እኛም እትዬ ነው የምንላት። ልጆቿ ሁሉ ዐረብ አገር ናቸው፣ ስልክ ደግሞ ተቋርጧል። ከእኛ ሌላ ከውጫሌ የሸሹ ሁለት የዘመድ ልጆች መጡባት። ብቻዋን ትኖር የነበረች ሴት በአንድ ሳምንት አራት ልጅ ከበባት።

ማሽላው ራሱ ቀልቶ፣ አጎንብሶ ቆሟል። ማሳው ግን በመንገዱ በኩል ስለሆነ ገብቶ የሚያጭድ ደፋር አልነበረም። ወፍ ሲበላው ከደጅ ሆነን እናያለን። ወፍጮ ቤቱ ቆሟል፣ ገበያ የለም። ከጎተራው ሥር የተረፈውን የአምናውን እህል እማዬ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች፤ ከወፍጮው ስለማትነሳም የምትበላው ከእኛ በኋላ፣ ማጀት ውስጥ ነበር። እኛ በቀን አንዴ፣ ወደ አሥር ሰዓት ላይ፣ የማሽላ ቂጣና ቀጭን ሽሮ ይቀርብልናል። ዛሬም የማሽላ ቂጣ ሲሸተኝ ጥርሴ ውስጥ ያ የድንጋዩ አሸዋ ይመጣብኛል።

እትዬ ቤት የማይጣስ አንድ ወግ ነበር። ትልቅ ሰው ከልጅ ቀድሞ ከትሪው እጁን አያነሳም። እሱ ካነሳ ልጅ ያፍራል፣ ሳይጠግብም ይነሳል። እኛም አዋቂ እጁን ካነሳ በኋላ መጉረስ ነውር ነው እያሉ ነው ያሳደጉን። ስለዚህ የእትዬ እጅ ትሪው እስኪጠረግ ድረስ ከትሪው አይለይም።

ይህን ወግ እያወቅሁ፣ ርሃቡ ሌላ ነገር እንዳስብ አደረገኝ። አንድ ቀን ለወንድሜ በጆሮው፣ «እትዬን አየሃት? ሁሌም መጨረሻ የምትነሳው እሷ ናት። ቶሎ ቶሎ ካልበላን እሷ ናት የምትጨርስብን» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሳላላምጥ መዋጥ ጀመርኩ። ከአክስቴ ጋር ነበር እሽቅድምድሜ።

አንድ ጎረቤት ዱባ የሰጡን ዕለት ከጎኗ ተቀመጥኩ። ዱባው ከሽሮው ጋር ተሠርቶ ትሪው ሞላ ያለ ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ ተስገበገብኩ። ቀና ስል የእትዬን እጅ አየሁት። ሦስት ጣቶቿ የቂጣውን ጠርዝ ነካ አደረጉ፣ ተሰበሰቡ፣ ወደ አፏ ሄዱ። ምንም አልያዙም። አላመጠች። ዋጠች። ደግማ እንደዚያው አደረገች። በሦስተኛው ከምር ቆረሰች፣ በዱባው ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እንቺ፣ በሞቴ።»

አፍጥጬ ቀረሁ።

«ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ? ልትድሪኝ ነው?» አለች። ልጆቹ ሳቁ።

ሆዴ ያኔ በቃ ብሎኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ፣ አጣርቼ ነው የሰማሁት። ጉርሻውን ወደ እሷ አፍ መመለስ እችል ነበር። ነገ ባይኖርስ አልኩና አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ሆዴ ያኮረፈኝ።

ኋላ መንገዱ ተከፈተ፣ ማሽላው የተረፈው ታጨደ። ጎረቤቶቻችን በግ አርደው ሥጋ ላኩልን፣ እማዬም ወጥ ሠራች። ትሪው እንደዚያ ሞልቶ አይተነው አናውቅም። እትዬ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች፣ የእውነት ጉርሻ። ብዙ አላመጠችው። ሁለተኛውን አንስታ መለሰችው። ከዚያ እጇን ከትሪው አነሳች።

የአራታችንም እጅ አብሮ ተነሳ።

«ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ?» አለች። «እኔ እኮ ጠግቤ ነው።»

ማንም አልነካውም። ወጡ እስኪረጋ ድረስ ከበን አየነው። በስምንተኛው ቀን እትዬን ቀበርናት። እማዬ አጀሏ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው አለች፤ ለቅሶ የመጡትም ድሮም ልቧ ደካማ ነበር ተባባሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እጇን አይቼ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ሐይቅ ከተመለስን በኋላ እስኪያመኝ ድረስ እበላ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ደረቅ ዳቦ እየተገኘ ስንት ቀን ተሳቀብኝ። ለዚህ ነው የቤት ሥራው የመጀመሪያ አምስት ቀናት ደብተሬ ላይ ባዶ የሆኑት። በስድስተኛው ከትምህርት ቤት ስመለስ ሆዴ በቀጭኑ ራበኝ አለኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የባጃጅ ሾፌር የገጨኝ መስሎት ወርዶ አየኝ። የዚያን ቀን ነው ስለ እትዬ የጻፍኩት።

ዓርብ ሲነበብ እማዬ ትመጣለች። የእትዬን እጅ ነገር የምትሰማው ያኔ ነው። ደስታዬም ፍርሃቴም እሱ ነው።

የመምህራችንን ግብዣ ለእናንተም አስተላልፌያለሁ። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ከመጉረሳችሁ በፊት ሆዳችሁን ጠይቁት። መልሱን እስክትሰሙ ድረስ ደግሞ ቀና በሉና ከትሪው ማዶ ያለችውን እጅ እዩልኝ፤ ወደ አፍ ስትሄድ ምን እንደያዘች።