በታኅሣሥ አልተክልም

ሱሉልታ ውስጥ ግትር ሰው ከፈለጋችሁ የሺሃረግ ኩምሳን አሳያችኋለሁ። እኔ ሰይዳ እባላለሁ። የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ገፍቶ እዚህ ካመጣኝ ጀምሮ በወረዳው ችግኝ ጣቢያ አፈር ከረጢት ውስጥ እሞላለሁ። እትዬ የሺ አለቃዬ ናት። ስለ እሷ ሳወራ ደረቴ ቢነፋ አትታዘቡኝ።

የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ዕቅድ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው። መሬቱንና ደኑን የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ ነው። ሁለቱ ሲጻጻፉ ችግኙን በየማለዳው የምታጠጣው ግን እትዬ የሺ ናት። ሦስት ዓመት ወይራ፣ ጽድና ኮሶ አሳድጋ፣ ከቀበሌው በላይ ያለውን የተራቆተ ጋራ ለማልበስ ትጠብቅ ነበር። ከጋራው ሥር የሚወጣው ምንጭ በየበጋው እየሳሳ ነው፤ ሰዉም ከብቱም የሚጠጣው ከዚያ ነው።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ቢንያም የሚባል የፌዴራል ባለሙያ መጣ። ሰው አክባሪ ልጅ ነው። የሚተከልበትን ቦታ ከወዲሁ ምልክት እናድርግበት አለ። እትዬ የሺ ችካል አስጠረበች፤ ከሩቅ እንዲታይ ብላም ከጣቢያው በር የተረፈውን ቀይ ቀለም ቀባችው። አይ እትዬ የሺ! ያን ሰሞን «ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል አገሩን እንቅልፍ ነስቶታል። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነቀል ነው ተብሎ ቡራዩም ሰበታም በተቃውሞ እየተናጡ ነው። ታዲያ በዚህ መሀል ማሳ ዳር ቀይ ችካል ይተከላል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰዉ የነቀለውን ችካልና ድንጋይ ይዞ መጣ። ቢንያም ዕቃ ቤት ነበር። እትዬ የሺ «አንተ እንዳትወጣ» ብላው፣ ከውሃው ቦይ ዳር እርጥብ ሣር ነጭታ በሁለት እጇ ይዛ ከበሩ ወጣች። እዚህ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የቆመ ሰው ሰላም እየለመነ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የተነሳው እጅ ዝቅ አለ።

ማሳቸው ከጋራው ጋር የሚዋሰነው ኦቦ ዲሪርሳ ከፊት ነበሩ። «የሺ፣ ይህን ያስተከሉት ፌዴራሎቹ ናቸው አይደል? መኪናቸው ግቢሽ ውስጥ ቆሟል» አሏት።

አዎ ብትል በቃ፣ ቁጣው ሁሉ ወደ ቢንያም ነበር። እኔ በር ሥር ቆሜ አፍ አፏን አያለሁ።

«ኦቦ፣ እኔ ነኝ ያስተከልኩት። ቀለሙንም የቀባሁት እኔ ነኝ። ለዛፍ ነው እንጂ ለማንም ከተማ አይደለም። ሳልነግራችሁ ማድረጌ ጥፋቴ ነው፤ ማሎ፣ ይቅር በሉኝ።»

«ለዛፍ ከሆነ አሁኑኑ እያየን ትከይው!» ሲል አንድ ወጣት ከኋላ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት።

ምናለ ጥቂት ብትተክልላቸውና ብንገላገል? እሷ ግን «በታኅሣሥ አልተክልም» አለች። «ይደርቃል። ሦስት ዓመት ያሳደግኩትን እናንተን ለማሳመን ብዬ አልገድልም። መምታት ካማራችሁ እኔን ምቱኝ።»

እኔ መሞቴ ነው ብዬ በልቤ ሸሃዳዬን ያዝኩ።

«ካላመናችሁኝ ችግኙን ውሰዱት» አለች ቀጥላ። «በየቤታችሁ አጠጥታችሁ ለክረምት አድርሱት። የት እንደሚተከል ራሳችሁ ምረጡ። ሜትር የያዘ ሰው አይመጣባችሁም።»

ኦቦ ዲሪርሳ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ድንጋዩን ጥለው፣ «ወይራው የቱ ነው?» አሉ። ከሰዓት በኋላ ጣቢያችን ባዶ ሆነ፤ ቢንያምም በሰላም ሄደ።

ግን የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ በትነሻል ተብላ ተጠየቀች። ወረዳው ክልሉን ጠይቁ አለ። ክልሉ ችግኙ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው አለ። ፌዴራሉ ደግሞ ደን የክልሉ ሥልጣን ነው አለ። ለቅጣትም ባለቤት ጠፋ! ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ሰው የታሰረበትና ሐዘን የተቀመጠበት ቤት ግን ብዙ ነበር። እትዬ የሺ በጋውን ሙሉ ከሳች። «ካደረቁት ምንጩም አለቀለት፣ እኔም አለቀልኝ» ትለኛለች። ሄደሽ እያቸው ስላት ግን እምቢ አለች፤ ካመንኩ አመንኩ ነው ብላ።

ሐምሌ ላይ፣ ችግኙን ጋራው ላይ ለመትከል ሰዉ ራሱ የቆረጠው የደቦ ቀን ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። መጀመሪያ ኦቦ ዲሪርሳ ወይራቸውን በአህያ ጭነው መጡ። ከዚያ ጎረቤቶቻቸው፣ ከዚያ ከወዲያኛው መንደር ሳይቀር ተግተልትለው ወጡ። የደረቀም ችግኝ ነበር፤ የሚበዛው ግን ለምልሟል። ጋራው በሰው ተሞላ።

መጨረሻ ላይ ፋናዬ የምትባል ባልቴት አንድ ኮሶ ታቅፋ መጣች። ያን ቀን «አሁኑኑ ትከይው» ብሎ የጮኸው የእሷ ልጅ ነው። ችግኙን ቤት ያስገባው እሱ ነበር፤ ከዚያ ታሰረ፣ እስካሁን አልተፈታም።

«የትኛው መንግሥት እንዳዘዘው አላውቅም» አለች ፋናዬ። «እኔ ያጠጣሁት አንቺ ስላልዋሸሽን ነው።»

እትዬ የሺ በሰው ፊት ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ሁለቱ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ኮሶውን አብረው ተከሉት። እኔም ከጋራው ስወርድ፣ የእሷ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ላገኘሁት ሁሉ ስናገር ዋልኩ።