ማሪቱ እጇን የሰበሰበችበት ሳምንት

ሱሉልታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለው ሰፈር፣ ማሪቱን ሁሉም የሚያውቃት በእጇ ነው። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ አንጓዋ የልጅ አንጓ ይመስላል። ላም ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ሲል «ማሪቱን ጥሩ» ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ክንዷን በሳሙና እየታጠበች፣ ቅቤ እየተቀባች፣ የተንጠለጠለውን እየጎተተች ስታወጣና ስትመረቅ ኖራለች።

አሁን ግን የራሷ ላም ቦራ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የእንግዴ ልጁ ከጭራዋ ሥር እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ማሪቱ ግን አልነካችውም። ፈርታለች። ሌላ ላም የላትም፤ ቦራንም በጡጦ ያሳደገቻት ራሷ ናት።

ፍርሃቷ የጀመረው አምና ነው። የጎረቤቷ የሽማግሌው የኦቦ ጎበና ላም እንዲሁ ሆነችና ማሪቱ ተጠርታ ሄደች። ጎተተች፤ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ላሟ መብላት ተወች፤ ውሃ የመሰለ ቀላ ያለ ፈሳሽ ይወርዳት ጀመር፤ ሽታው አጥር ዘሎ ይመጣ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ እውነቱ በረጅም ጓንት መረመራትና ቀና አለ።

«የእንግዴ ልጁን ማነው የጎተተው?»

ማሪቱ እዚያው ቆማለች። ኦቦ ጎበና ወደ እሷ አየት አደረጉና፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

ላሟ በማግሥቱ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ማሪቱ ሽማግሌውን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሐኪሙ ያን ዕለት ያስረዳው ነገር እጅግ የሚገርም ነው። የላም የእንግዴ ልጅ ከማህፀኗ ጋር የሚያያዘው በአንድ ቦታ አይደለም፤ የኮት ቁልፍ በሚመስሉ፣ መቶ ገደማ በሚሆኑ እብጠቶች ነው። ላሟ ስትወልድ ነጭ የደም ሕዋሳቷ እነዚህን ቁልፎች ይፈታሉ፤ አንዳንዴ ታዲያ ሥራው ይዘገያል። ያን ጊዜ እጅ ገብቶ ሲጎትት ቁልፉ ከመፈታት ይልቅ ይገነጠላል፤ ቁስል ይቀራል። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ይኸኛው ነው፦ ከወሊድ በኋላ ባክቴሪያ የማይገባበት የላም ማህፀን የለም ማለት ይቻላል። ከበረቱ ወለል፣ ከፋንድያው፣ ከራሷ ጭራ ይገባል። አብዛኞቹ ላሞች በሁለት ሦስት ሳምንት ጠርገው ያስወጡታል። አደጋው ባክቴሪያው ቁስል አግኝቶ የተመቸው እንደሆነ ነው። ቁስሉን ደግሞ እጅ ያበጀዋል፤ ቀጭን እጅም ቢሆን።

ስለዚህ ዘንድሮ ሐኪሙ እውነቱ ለቦራ ያዘዘው አጭር ነበር። «ጠዋትና ማታ ሙቀቷን ይለኩ። ከሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ካለፈ ይደውሉልኝ፣ መርፌ አለ። እስከዚያ እጅዎን ይሰብስቡ።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቷ በቀለች አጥሩን ተደግፋ አፍንጫዋን ያዘች።

«ምነው አንቺ! የሰፈሩን ላም ሁሉ ስትጎለጉዪ ኖረሽ ለራስሽ ሲሆን ሰነፍሽ?»

«ሐኪሙ አትንኪ ብሏል።»

«እሱ ምን አለበት፣ በሞተሩ መጥቶ በሞተሩ ይሄዳል! ቢያንስ ድንጋይ እሰሪበት፣ ይጎትተዋል።»

በቀለች ስትሄድ ማሪቱ አሸተተች። እውነት ይሸታል። የሚበሰብስ ነገር ሁሉ ይሸታል፤ ለዚህም ነው ሐኪሙ ከሽታው ይልቅ ቴርሞሜትሩን እመኚ ያላት። ግን የአምናው ሽታ ቢሆንስ? ቴርሞሜትሩን አስገብታ ጠበቀች። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።

ደወለች። እውነቱ ሰንዳፋ ነው፤ ከሰዓት እደርሳለሁ አለ። ከሰዓት! ቦራ አንገቷን ደፍታለች፤ ፉርሽካውን አልነካችውም። ማሪቱ ሳፋና ሳሙና አመጣች። ክንዷን እስከ ክርኗ ታጠበች። ቅቤውን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ፤ ኦቦ ጎበና አንድ እቅፍ እሸት ባቄላ ይዘው ገቡ።

«አካም ቡልቴ፣ ማሪቱ? እንዴት አደርሽ?»

ሽማግሌው ሳፋውን አዩ፤ ክንዷን አዩ።

«ትኩሳቷ ስንት ነው?»

ነገረቻቸው። «ትሞትብኛለች፣ ኦቦ ጎበና።»

«ሐኪሙስ?»

«ከሰዓት ነው።»

ባቄላውን ጉልበቷ ላይ ጣሉት። «እንግዲያው እስከ ከሰዓት ፈልፍዪ።»

«አንቱ ደግሞ! በዚህ ሰዓት ባቄላ?»

«እጅሽ ሥራ ሲያጣ የት እንደሚገባ አውቃለሁ።»

ፈለፈለች። ዓይኗ ቦራ ላይ ስለነበር ፍሬው እየተፈናጠረ ገለባው ውስጥ ይጠፋል። ቦራ ባቃሰተች ቁጥር ልትነሳ ትላለች፤ ሽማግሌው ሌላ ዘለላ ያቀብሏታል። እየቆየ ድፍረት መጣላት።

«ያን ቀን ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«የጠራሁሽ እኔ አይደለሁም?» አሉና መፈልፈላቸውን ቀጠሉ።

እውነቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርሶ ቦራን መርፌ ወጋት፤ ወተቷ ለጊዜው እንዳይጠጣም አዘዘ። መርፌው ለሦስት ቀን ቀጠለ፤ ኦቦ ጎበናም ሦስቱንም ቀን ባቄላቸውን ይዘው መጡ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት የእንግዴ ልጁ በራሱ ጊዜ ገለባው ላይ ወድቆ አገኘችው። በአካፋ አንስታ ውሻ እንዳያወጣው አርቃ ቀበረችው። ስትመለስ ቦራ ፉርሽካ እየበላች ነበር። ለካች፤ ሠላሳ ዘጠኝ። አላመነችም። ቴርሞሜትሩን አጥባ፣ አራግፋ፣ እንደገና አስገባችው።