እናቴን ሥጋ ቤት፣ እኔን ፔንሽን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ አረፋ ካለፈ በኋላ፣ ቡታጅራ ውስጥ ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቤተሰቦቼ እስካሁን አልረሳሽውም ወይ ይሉኛል። አልረሳሁትም። ልረሳውም አልፈልግም።

ከእናቴ ጋር የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከድር ወልቂጤ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። ለአረፋ ሲመጣ አንድ የስልክ መተግበሪያ ይዞልን መጣ። የቤተሰቡ ሰው እያንዳንዱ የት እንዳለ፣ የትስ እንደዋለ በካርታ ላይ የሚያሳይ ነው። መንገዱ አያስተማምንም፣ አንዳችን የሌላችንን ደህንነት እንወቅ ብሎ በእናቴ፣ በእኔና በራሱ ስልክ ላይ ጫነው። ያኔ ክፋት አልነበረውም። እናቴም ደስ አላት፤ ከድር ከወልቂጤ ሲነሳ ፎቶው በካርታው ላይ ሲንፏቀቅ እያየች ዱዓ ታደርግለታለች።

ካርታው ግን የቡታጅራን ውስጥ ለውስጥ አያውቅም። የሚያውቀው ታፔላ የተሰቀለበትን ቤት ብቻ ነው። የእኛ ቤት ከአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ ስለሆነ እናቴን ከጠዋት እስከ ማታ ሥጋ ቤት ያውላታል። ከድር እየደወለ፣ እማ ዛሬም ጥሬ ሥጋ ላይ ነሽ ወይ ይላታል። እሷም ትስቃለች፤ እኛም እንስቃለን።

በዚያው ሰሞን የልጅነት ጓደኛዬ ሰሚራ ከባሏ ቤት ሸሽታ መጣች። ባሏ ጀማል ወልቂጤ ነጋዴ ነው። ክንዷን ሰብሮት፣ በጀሶ ታስሮ ነበር በሚኒባስ የመጣችው። አንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየች። ያለችበትን ከአከራይዋና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ጀማል ዘመድ አዝማዱ ጋ እየደወለ ያፈላልጋታል። ሱቁ ደግሞ ከወንድሜ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ የሚሰግዱትም አንድ መስጊድ ነው። ስለዚህ ለከድር ትንፍሽ አላልኩም። ጀማል በእሱ በኩል ሲያስጠይቀኝም አላውቅም አልኩ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ እሷ ጋ እየሄድኩ ልብሷን አጥብላታለሁ፣ ሽንኩርት እከትፍላታለሁ፣ ፀጉሯን አበጥርላታለሁ። በአንድ እጅ የማይሠራው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

የአከራይዋ ግቢ ከአንድ ፔንሽን ጀርባ ነው። ፔንሽኑ ታፔላ አለው። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ወሬውን መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። ከድር ለእኔ አልደወለም፤ ለእናቴ ደወለ። እናቴ ለቀናት ፊቷን አጠቆረችብኝ። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብላት ሳህኑን ገፋ አደረገችና፣

"ፔንሽን ምን አለሽ?" አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ፊቷን አየሁና ሳቄ ጠፋ። የታመመች ጓደኛ ልጠይቅ ነው የምሄደው አልኳት። ማን ናት አለች። ስሟን መናገር አልቻልኩም፤ እናቴ ከከድር የምትደብቀው ነገር የላትም። ዝም ስል ዝምታዬ መልስ ሆነባት። እናቴን ሥጋ ቤት ሲያውላት የሳቅንበት ካርታ፣ እኔን ፔንሽን ሲያስገባኝ ግን ሐቀኛ ምስክር ሆኖ አረፈው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ስልኬን አወጣሁና የሄድኩበትን ሁሉ የመዘገበውን ታሪክ ሙልጭ አድርጌ ሰረዝኩት። ለስሜ ብዬ አልነበረም። ያ መስመር የሚወስደው ወደ ሰሚራ በር ነው። "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። መከታተሉንም ዘጋሁት። አያ መተግበሪያ ግን ይህንንም ለቤተሰቡ አሳበቀ፤ ያለችበትን ማሳየት አቁማለች የሚል መልእክት እናቴና ከድር ስልክ ላይ ገባ።

ከድር ወዲያው ደወለ። ንጹሕ ሰው ምን አስጠፋው አለኝ። እሱ ለካ ስክሪኑን አስቀድሞ ፎቶ አንስቶታል።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ብቻውን አልነበረም። ነገሩ ከብዶት አንድ ጎረቤት ነጋዴ አማክሯል፤ ፎቶውንም አሳይቶታል። ያ ደግ ጎረቤት ደግሞ በመኪናዬ ላድርስህ፣ ሽማግሌም እሆንሃለሁ ብሎታል። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ከኋላው የገባው ጀማል ነበር።

ከድር ምንም አልገባውም። ጀማል ግን ፎቶውን እንዳየ ገብቶታል፤ ሰሚራ ቡታጅራ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው እንደሌላት ያውቃል። ገና ሳይቀመጥ፣ ፔንሽኑ ድረስ ሄደን ብንጠይቅ ነገሩ ይጠራል አለ። መንገድ ላይም ይህንኑ ሲወተውት ነው የመጣው። መጀመሪያ እናቴ ጋ እንግባ ያለው ከድር ነው፤ በዚያ ቀን የሠራው አንድ ደህና ነገር ይህ ነው።

ውሃ ላምጣላችሁ ብዬ ጓሮ ወጣሁና ለሰሚራ ደወልኩ። መጥቷል፣ ውጪ አልኳት። በአንድ እጇ ጓዟን ሸክፋ፣ ባጃጅ አግኝታ መናኸሪያ እስክትደርስ ጊዜ ያስፈልጋታል። ተመልሼ ስገባ ጀማል የመኪና ቁልፉን ይዞ ቆሟል።

ያን ጊዜ ያልሠራሁትን ተናገርኩ።

"መሄድ አያስፈልግም። እውነት ነው። ፔንሽን ነበርኩ፤ ከወንድ ጋር።"

እናቴ ጮኸች። ከድር ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ጀማል፣ እንግዲህ ካመነች የእኔ ሥራ አለቀ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። እናቴ ግን እግሩ ሥር ወድቃ ሱሪውን ጨምድዳ ያዘችው።

"ልጄ፣ ሽማግሌ ነኝ ብለህ ገብተህ፣ ቤቴ ሲፈርስ ጥለኸኝ አትውጣ።"

በእኛ አገር ለሽምግልና የገባ ሰው የምታለቅስ እናት ረግጦ አይወጣም። ሚስቱን መደብደብ ያላሳፈረውን ጀማል ይህ አሳፈረው። ተመልሶ ተቀመጠ። ላቡን እየጠረገ፣ በር በሩን እያየ፣ ስለ ሴት ልጅ ክብር ይመክረኝ ጀመር። እሱ፣ እኔን፣ ስለ ክብር። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት። ሊጨርስ ሲል እያለቀስኩ ሌላ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ።

የዙሁር አዛን እስኪባል እንዲህ አድርገን አቆየነው። ልስገድ ብሎ ወጣ፤ መስጊድ ግን አልሄደም። ፔንሽኑን ጠይቆ ሲያጣት ወደ ጀርባው ዞሮ የአከራይዋን በር ሲደበድብ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ክፍሉ ባዶ ነበር። አከራይዋ ሚስቱን ምን እንዳደረጋት፣ ማን ስታስታምማት እንደከረመች በሕዝብ ፊት ዘረገፈችው። እናቴና ከድር እውነቱን የሰሙት እንደዚህ ነው።

እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች። ከድርም አለቀሰ። አፉ በይኝ፣ ፔንሽን ሳይሆን የሰው ግቢ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አንድ ቃል አይወጣኝም ነበር አለኝ።

አፉ አልኩት። ግን ልብ በሉ፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ካርታው ስለተሳሳተ ነው። ባይሳሳትስ ኖሮ? የማስተምር፣ ቤት የማስተዳድር ሴት የት ገባች፣ የት ወጣች እያለ መልቀሙ፣ ገመናዬን ለባዳ አውጥቶ ማሳየቱ እንደ ጥፋት አልታየውም። ደውሎ እህቴ ምንድን ነው ነገሩ ቢለኝ፣ የሰው አደራ አለብኝ፣ እመነኝ እለው ነበር። ስልኩን አምኖ እኔን አላመነኝም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጥቶ፣ አሁንማ አምነንሻል፣ መልሰሽ ክፈቺው አይለኝ መሰላችሁ። ሻዩን ጠጥቶ እስኪሄድ አላናገርኩትም።

እናቴ እንደሆነች ዛሬም ሥጋ ቤት ትውላለች።

ሰሚራ አልፎ አልፎ በማላውቀው ቁጥር ትደውልልኛለች። ጀሶው ተፈትቶላታል፤ ልብስ መስፋት ጀምራለች። ብዙ እናወራለን። ከየት እንደምትደውል ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።