በጀርባዬ ተኝቼ ጦረኛ የመረጥኩበት ዓመት

መጀመሪያ ያመመኝ ከትከሻዬ አጥንቶች መሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከቦኖ ውኃ ቀድቼ ወደ ቤታችን የሚያወጣውን ዳገት ስወጣ አንድ ቦታ ላይ ይወጋኝ ነበር። ቤታችን ጉለሌ፣ ከቁስቋም መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ እዚያ ሰፈር ዳገት የማይወጣ ሰው ስለሌለ ጀርባዬን አመመኝ ብል የሚደነቅ አልነበረም። እናቴ "ብርድ መትቶሽ ነው" አለችኝ። ማታ ማታ ያልበኛል፤ ቀሚሴም እየሰፋኝ ሄደ። ሳል ግን አልነበረኝም። ሳል ስለሌለኝ ቲቢ ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እንደ እኔ የሚጀምራችሁ ስለምትኖሩ ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን መገባደጃ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስለምጽፍ በወንበሩ አሳበብኩ። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። በቅቤ አሸኝ፤ በጉልበቱ ተጫነኝ። ከዚያ ወዲህ እግሮቼ መክበድ ጀመሩ። እንጦጦ ፀበል ስወጣ በእግሬ ነበር። ስመለስ ወንድሜ ኃይሉ አዝሎኝ ነው።

ራጁን ያዩት ሐኪም በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስተው አሳዩን።

"ሁለት አጥንቶች ተበልተዋል። የአከርካሪ ቲቢ ነው። መግሉ ወደ እግርሽ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል" አሉኝ።

እናቴ "ትድናለች፣ ዶክተር?" ብላ ጠየቀች።

"ቲቢው ይድናል። ስለ እግሯ ግን አሁን መናገር አልችልም።"

ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ፣ አይሶናያዚድ በኪኒን ጀመርኩ። ሆስፒታሉ አልጋ ስላልነበረው ቤቴ ሆኜ፣ በጣውላ ላይ በተነጠፈ ቀጭን ፍራሽ፣ በጀርባዬ እንድተኛ ታዘዝኩ። መቀመጥ አይፈቀድልኝም። መርፌውን የምትወጋኝ ጎረቤታችን ሲስተር ዘይነባ ነበረች፤ ጤና ጣቢያ ውላ ስትመለስ ቤቷ ሳትገባ እኛ ዘንድ ትመጣለች። ኮርኒሳችን ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው። ዝናብ ያስገባበት ቦታ ላይ ቡናማ እድፍ ነበረው። እሱን ሳይ ዋልኩ። እሱን ሳይ ከረምኩ።

ኃይሉ ታላቄ ነው። ቡልጋሪያ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ሲመለስ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ትንሽ ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ነበር። የወታደር አፈሳ የበረታበት ጊዜ ስለነበር ከሥራ ወደ ቤት እንጂ ሌላ ቦታ አይሄድም። አንድ ቀን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናችንን በግርጌዬ ከፍ አድርጎ አቆመና ኪቦርዱን ሆዴ ላይ አስቀመጠው። ጨዋታው የሚጫነው ከካሴት ነው፤ ካሴቱ ሲዞር እንደ ፉጨትም እንደ ጩኸትም ያለ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል። ተጫዋቹ ዋሻና ዘንዶ ወዳለበት የተረት አገር ብቻውን ይገባል። ከመግባቱ በፊት ግን ማን መሆን እንደሚፈልግ ይጠየቃል።

ኃይሉ አራቱን ምርጫዎች ተረጎመልን። ጦረኛው ጉልበተኛ ነው። አስማተኛው ሰውነቱ ደካማ ቢሆንም በቃሉ እሳት ያወርዳል። ፈዋሹ በጸሎት ቁስል ይዘጋል። ሌባው ተደብቆ ያልፋል።

"በዚህ ቤት አስማተኛ አይመረጥም" አለች እናቴ፣ ሽንኩርት እየላጠች። "ያንን የሚጸልየውን ያዢ።"

እኔ ጦረኛውን ያዝኩ። ወዲያው ሞተ። እንደገና ጦረኛ አልኩ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ሞተ። መብራት ሲጠፋ የሄድኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ መብራቱ ሲመጣ ካሴቱ እንደ አዲስ ይጫንና አራቱ ስሞች ተመልሰው ይደረደራሉ። የዚያን ዓመት መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ሳልመርጥ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

"ብቻውን ለሚሄድ ሰው ጦረኛ አያዋጣም" አለኝ ኃይሉ። "አብሮት የሚሄድ የለም። ሲቆስል ማን ያክመዋል? ፈዋሹን ውሰጂ።"

"ማከም ማከም አትበለኝ። ከጠዋት እስከ ማታ መድኃኒት ነው። እኔ መሄድ ነው የፈለግሁት።"

"ፈዋሹም እኮ ይሄዳል፣ ስንዱ። ቀስ ብሎ ነው እንጂ።"

"ቀስ ማለትም በቃኝ።"

እናቴ ከጓዳ ሆና "ተዋት፣ ደስ ያላትን ታድርግ" አለችው። በዚያ ቤት ስለ እግሬ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ስለ ጦረኛውና ስለ ፈዋሹ ግን ያለ መሳቀቅ እንከራከር ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የእግሬ ጣቶች መንቀሳቀስ አቆሙ። መድኃኒቱን አላቋረጥኩም ነበር። ቢሆንም ቆሙ። ቀጥሎ ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ። ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቦ ገባልኝ። ወገቤ ግርጌ ላይ የአልጋ ቁስል ወጣ። አላመመኝም። እናቴ ያወቀችው በጠረኑ ነው። ስታጥበኝ ፊቷን ታዞራለች። እኔም አዞራለሁ።

በዚያ ሰሞን ሌባውን መምረጥ ጀመርኩ። መዋጋት ቀርቶብኝ ሳልታይ ማለፍ ፈለግሁ። እሱም አልሆነም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይሉ ካሴቱን ጫነልኝ። አራቱ ስሞች መጡ። ጣቴን አላነሳሁም።

"ምነው?" አለኝ።

"ምንም አለመሆን የሚል የለውም?"

ጨዋታው የሰለቸኝ መስሎት ሊያጠፋው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ገባው። ዞር ሳይል ቆመ። ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁ። እኔ አላለቀስኩም። የሚያለቅስ ሰው ገና የሚጠብቀው ነገር አለው።

በማግስቱ ከሲስተር ዘይነባ ጋር ሆነው በቃሬዛ ሆስፒታል ወሰዱኝ። በዚህ ጊዜ አልጋ ተገኘ። ሐኪሙ በመመርመሪያ መዶሻቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ፤ ውስጥ እግሬን በመርፌ ጫፍ ነኩ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ቀዶ ጥገና አለ" አሉኝ። "በደረት በኩል ገብተን መግሉን እናወጣለን፤ ነርቩን እናላቅቃለን። ከማደንዘዣው ላትነቂ ትችያለሽ። ነቅተሽም እግርሽ እንዲሁ ሊቀር ይችላል። ካልተሠራሽ ደግሞ መድኃኒቱ ብቻውን ጊዜ ወስዶ ይመልሰው ይሆናል። አላውቅም፤ አልዋሽሽም። ምርጫው ያንቺ ነው።"

እናቴ "አከርካሪዋን ተነክታ የተነሳች ሰው አላየሁም" አለች።

"ዶክተር፣ ልጅዎ ብሆን ምን ያደርጉ ነበር?" አልኳቸው።

"ልጄ ብትሆኚ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስለዚህ እሱን አትጠይቂኝ። አንድ ነገር ግን አስቢ። እግርሽ የከፋው መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው።"

ኃይሉን አየሁት።

"ጨዋታው ላይ ብዙ መከርኩሽ" አለኝ። "እዚህ ላይ አፌ አይፈታም። የፈለግሽውን ብትመርጪ ግን አብሬሽ ነኝ።"

ለወራት በቴሌቪዥን ስመርጥ ኖሬያለሁ። ይህኛው መብራት ሲጠፋ እንደገና የሚጀመር አልነበረም። ፈራሁ። ቢሆንም እዚያው ኮርኒስ ስር ተመልሶ መጠበቅ ከሞት ይልቅ አስፈራኝ።

"ይሠራ" አልኩ።

ነቃሁ። ደረቴ ተሰፍቷል። እግሬ ግን የሌለ ያህል ነው። ቀን አለፈ። ሌላ ቀን አለፈ። ሐኪሙ በየጠዋቱ "ጣትሽን አንቀሳቅሺ" ይላሉ። በልቤ አንቀሳቅሳለሁ። ጣቶቼ አይሰሙም። እናቴ ከአልጋው ሥር ተንበርክካ ትጸልያለች። ኃይሉ ማየት አቅቶት ኮሪደር ላይ ይቆማል። የተሳሳትኩ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ሲስተር ዘይነባ ልትጠይቀኝ መጥታ እግሬን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግልኝ "ይቀዘቅዛል" አልኩ።

እጇ ቆመ። "ምን አልሽ?"

"ጨርቁ። ይቀዘቅዛል።"

"ግራው ነው ቀኙ?" አለችኝ፤ ጨርቁን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ከቅዝቃዜው በኋላ ማሳከክ መጣ፣ ከማሳከኩ በኋላ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሕመም፣ ሐኪሙም ሕመሙን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። የቀኝ አውራ ጣቴ የተንቀሳቀሰ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሴቶች ሁሉ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ እኔም አንገታቸውን ማዞር ለማይችሉት ጭምር ደጋግሜ አሳየሁ። ከቆዳና ከብረት የተሠራ፣ ጀርባ የሚደግፍ ኮርሴት ታጥቄ፣ በአንድ በኩል ግድግዳውን በሌላ በኩል የኃይሉን ትከሻ ይዤ፣ እንደ ሕፃን ከአልጋ እስከ በር መሄድን ተማርኩ። ቤት ከተመለስኩ በኋላ ፈዋሹን ሞከርኩት፤ ከሁሉም ርቆ ተጓዘልኝ፣ ግን ካሴቱ ተጠላልፎ ተበጠሰና የጨዋታውን መጨረሻ ሳላየው ቀረሁ። እግሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ግራው ዛሬም ይጎተታል፣ ረጅም መንገድ ስሄድ ምርኩዝ እይዛለሁ፤ ሥራዬን ግን ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን። የማያውቁትን "አላውቅም" ያሉኝን ሐኪም አመሰግናለሁ። ክብሬን ሳትነካ ያጠበችኝን እናቴን፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልኝ፣ ሲስተር ዘይነባን፣ ወንድሜን ኃይሉን አመሰግናለሁ።

ለእናንተ የምላችሁ ይህን ነው። የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከላብና ከመክሳት ጋር ከመጣባችሁ ሳል ባይኖራችሁም ራጅ ተነሱ። ጀርባችሁን የሚጫን እጅ አታስጠጉ። ፀበሉንም መድኃኒቱንም ያዙ፤ አንዱን ለሌላው ብላችሁ አትተዉ፤ ሻል ሲላችሁም ኪኒኑን አታቋርጡ። የምታስታምሙ ደግሞ በሽተኛውን ቶሎ ቶሎ ገልብጡት፤ የማያመው ቁስል የባሰ ነው። እንደ ዕቃም አታንሱት፣ አታስቀምጡት። ጠይቁት። መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? በየትኛው ጎን ልገልብጥህ? ከጠየቃችሁ በኋላ መልሱን ታገሡ። የተኛ ሰው ቶሎ አይመልስም።